የላሟ ልብ ውስጥ የገባው ሽቦ የማን ነው?

ላሟ ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። የእንሰት ቅጠል ቀርቦላታል፤ አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ትናንት ጣሳ ይሞላ የነበረው ወተት ዛሬ ከስኒ ብዙም አይበልጥም። ጀርባዋን አጉብጣ ትቆማለች፣ መተኛት ትፈራለች፣ ቁልቁለት ስትወርድ ታቃስታለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ ዓይን በላት ይላል። ቀጥሎ ነገሩን ከወሊዱ ጋር ያያይዘዋል። ቀጥሎ የሆድ መድኃኒት ይገዛል። ቀናት ሲያልፉ ፍሪምባዋ ያብጣል፣ የአንገቷ ደም ስር እንደ ገመድ ይወጠራል። በመጨረሻ ስትታረድ፣ ባለ ቢላዋው የልቧን ሽፋን ሲቀድድ የሚሸት መግል ይፈስሳል። ከመግሉ መሐል የጣት ርዝመት ያላት፣ ዝገት የበላት ሽቦ ትገኛለች።

የዚህ በሽታ መንገድ በየትም አገር ይኸው ነው። ከብት ባለበትና ሽቦ በሚጣልበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል። በእንስሳት ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የቆየ ስምና የታወቀ ምልክት አለው፤ መከላከያውም የታወቀ ነው። ልብን የሚገድል፣ ግን ከልብ የማይጀምር በሽታ ነው። የሚጀምረው ከሣር ነው።

▪️ ሽቦው እንዴት ልብ ይደርሳል?

ፍየል ቅጠል መርጣ ትቀነጥሳለች። ከብት ግን ሣሩን በምላሱ ጠቅልሎ፣ ብዙም ሳያኝክ ይውጥና በኋላ ነው ተረጋግቶ የሚያመሰኳው። ስለዚህ በሣሩ መሐል ያለች ምስማር አፉ ውስጥ አትለይም። ከባድ ስለሆነች ከአራቱ የሆድ ክፍሎች ፊት ለፊት ወደሚገኘው፣ ውስጡ የማር እንጀራ ወደሚመስለው ክፍል ትወርዳለች። ያ ክፍል በየደቂቃው ይጨመቃል። ከእሱ ፊት ሆድንና ደረትን የሚለይ ስስ ጡንቻ አለ። ከዚያ ጡንቻ ማዶ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቆ የላሟ ልብ ይመታል።

ሽቦዋ ለወራት ምንም ሳታደርግ ልትቀመጥ ትችላለች። ላሟ ስትከብድ ጽንሱ ሆዷን ወደ ፊት ይገፋል፤ ስትወልድ ደግሞ ታምጣለች። ያኔ ሽቦዋ የሆዱን ግድግዳ ትበሳለች፣ ስሱን ጡንቻ ታልፋለች፣ የልቡን ከረጢት ትወጋለች። ከሆድ የተሸከመችው ጀርም እዚያ መግል ይሠራል። ልቡ በመግል ታፍኖ መምታት ያቅተዋል። ሐኪም ማዳመጫውን ሲያሳርፍ የሚሰማው «ዱብ ዱብ» ሳይሆን ውሃ በእንስራ ሲናወጥ የሚመስል ድምፅ ነው። እዚያ ከተደረሰ በኋላ ላሟን የሚያድን ሕክምና ከስንት አንዴ ነው የሚሳካው።

ሽቦው ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪም ግራ ጎኗን ከፍቶ ሊያወጣው ይችላል። መድኃኒትና እረፍት፣ የፊት እግሮቿን ከፍ ባለ መሬት ላይ አድርጎ ማቆምም ይረዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቀናት ነው። የጌዴኦ ላም ዕጣ የሚወሰነው በእነዚያ ቀናት ነው፤ ከዚያም ይበልጥ ሽቦው ወደ ሣሩ ሳይገባ በፊት ባሉት ወራት።

▪️ አንድ ላም በጌዴኦ ምን ማለት ነው?

የጌዴኦ ምድር ሰፊ የግጦሽ ሜዳ የለውም። ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ አንዱ በሌላው ጥላ ሥር የሚኖርበት ጥምር ግብርና ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን አኗኗር አይቶ ነው። ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት መንጋ የለውም፤ ከብት ካለው አንድ ወይም ሁለት ነው። እሷም ደጅ ላይ ታስራ፣ ሣር ታጭዶላት፣ የእንሰት ቅጠል ተቆርጦላት ትኖራለች።

አሥር ከብት ያለው ሰው አንዷ ብትሞትበት ያዝናል። አንዲት ብቻ ያለችው ሰው አንዷ ስትሞትበት የልጆቹን ወተት፣ ቡና ባልደረሰበት ወር የሚሸጠውን ቅቤና ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያጣል። ሥጋዋ እንኳ መግልና ትኩሳት ያለበት ስለሆነ በሥጋ መርማሪ ፊት ቢቀርብ ሊወገድ ይችላል።

ታስራ የምትቀለብ ላም ደግሞ ምርጫ የላትም። ሜዳ ላይ ያለ ከብት የቆሸሸውን ቦታ አልፎ ሊሄድ ይችላል። የታሰረች ላም የምትበላው ማጭዱ ያመጣላትን ነው። ማጭዱ ከመንገድ ዳር፣ ከግንባታ አጥር ሥር፣ ከቆሻሻ መጣያ ጥግ ካጨደ ሽቦው እስከ ግርግሟ ይመጣል።

▪️ ሽቦው ከየት ይመጣል?

ዲላ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ከክልሉ የማዕከል ከተሞች አንዷ ሆናለች። እንዲህ ያለች ከተማ ትገነባለች፤ መገንባቷም መልካም ነው። ግን ፌሮ በታሰረበት ቦታ ሁሉ የማሰሪያ ሽቦ ቁርጥራጭ መሬት ላይ ይቀራል። ጣሪያ በተመታበት ቦታ ሁሉ የቆርቆሮ ምስማር ይወድቃል። ቁራሌው ትልልቁን ብረት ይገዛል እንጂ ሁለት ጣት የምታክል ሽቦ አጎንብሶ አይለቅምም። ለእሱ ዋጋ የላትም። ላሚቱን የምትገድላት ግን እሷው ናት።

ከከተማ ሲወጣም ሽቦ አለ። የይርጋጨፌ ቡና በዓለም የታወቀበት ጣዕም የሚጠበቀው ከመሬት ከፍ ባሉ የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ሲሰጣ ነው። ከአልጋዎቹ ብዙዎቹ የሽቦ መረብ አላቸው። መረቡ ሲያረጅ ይቀየራል፣ አሮጌው ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጩ በሣሩ ውስጥ ይቀራል። ጎማ በተቃጠለበት ቦታም አመድ ውስጥ የሚቀረው ቀጭን ብረት እንደዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ የሚሆነው። ሽቦውን የጣለው ኮንትራክተር ሥራውን አስረክቦ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። የሽቦውን ዋጋ የምትከፍለው በሌላ ቀበሌ የምትኖር፣ ሕንፃው ውስጥ ገብታ የማታውቅ እናት ናት። የምትከፍለውም በላሟ ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ፌስታል የከብትን ሆድ የሚዘጋ መቅሠፍት ስለሆነ ክልከላው ተገቢ ነው። ስለ ሽቦው ግን ማን አሰበ?

▪️ «ላም አለኝ በሰማይ»

የእንስሳት የልብ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ዓለም ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የውሻና የድመት ልብ ብቻ የሚያክሙ ስፔሻሊስቶች አሉ። የልብ አልትራሳውንድ ያነሣሉ፣ ባትሪ ያለው የልብ ምት መቆጣጠሪያ ይተክላሉ፣ የተበላሸ የውሻ የልብ በር ከፍተው ይጠግናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ 360 ውሾች የተካፈሉበት ጥናት ፒሞቤንዳን የተባለው መድኃኒት የልብ በራቸው የተበላሸ ውሾች ልባቸው እስኪደክም ያለውን ጊዜ በ15 ወር ገደማ እንደሚያራዝም አሳይቷል። ይህ እውነተኛ ሳይንስ ነው። ውሻውን የሚወድ ሰው ለውሻው 15 ወር ቢገዛለት የሚያስቅ ነገር የለውም።

ነገር ግን ከዲላ ሆኖ ያንን እያዩ «እኛም እንዲህ ያለ ሆስፒታል ቢኖረን» ማለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው ተረት አይርቅም። ለዲላ ቅርብ የሆነው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው ወደ 90 ኪሎ ሜትር ርቆ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአንጋፋው ኮሌጅ መገኛ ቢሾፍቱ ደግሞ ከዚያም በጣም ይርቃል። የታመመች ላም በአይሱዙ ተጭና ይህን መንገድ ብትሄድ መንቀጥቀጡ ራሱ ሽቦውን ወደ ልቧ ይገፋዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «የሰው ልጅ ልብ ሳይታከም ስለ ላም ልብ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ግን የእነዚያ ልጆች ታሪክ በጥሞና ከታየ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያ የብዙ ልጆችንና ወጣቶችን ልብ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ከጉሮሮ ቁስለት ይነሣል። በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ልብ ድረስ አይደርስም ነበር። በጥቂት ብር መድኃኒት ሊቆም የሚችለው ነገር ሲዘነጋ በውድ ቀዶ ሕክምና እንኳ የማይመለስ ይሆናል። የላሟም ነገር ያው ነው። ክርክሩ ከሰውና ከከብት ማን ይቅደም የሚል አይደለም። ልብ የሚድነው ልብ ላይ ሳይደረስ ነው፤ ይህ ለሁለቱም ይሠራል።

▪️ ሌሎቹ ሦስት ልቦች

ሽቦ ብቻውን አይደለም። በኢትዮጵያ እንስሳትን በልባቸው በኩል የሚገድሉ ሌሎች ሦስት በሽታዎች አሉ፤ ሦስቱም የልብ ስፔሻሊስት አይጠብቁም።

አንደኛው የጥጃ ልብ ነው። አፍተግር አዋቂ ከብትን አፉንና ሰኮናውን ያቆስለዋል፣ ወተቱን ያደርቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገድለውም። ጥጃን ግን የልቡን ጡንቻ ያጠቃዋል። ጥጃው የአፍ ቁስል ሳይታይበት ሲጠባ ወድቆ ሊሞት ይችላል። ልቡ ሲከፈት ነጣ ያለ መስመር መስመር ስላለበት ሐኪሞች «የነብር ልብ» ይሉታል። እናትየው በወቅቱ ከተከተበች መከላከያውን በእንገር በኩል ለጥጃዋ ታወርሳለች። ስለዚህ እንገርን ለጥጃ መከልከል ልቡን ያለ አጥር መተው ነው።

ሁለተኛው የፈረስ ልብ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በትንኝ ይተላለፋል። አንዱ መልኩ የልብ መልክ ነው፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ያብጣል፣ አንገቱ ያብጣል፣ ልቡና ሳንባው በፈሳሽ ይታፈናሉ። ከታመሙት ግማሽ ያህሉን ሊገድል ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱን የሚያመርተው ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ትንኙ የሚበዛው ዝናብ ተከትሎ ስለሆነ ክትባቱ ከዝናቡ መቅደም አለበት።

ሦስተኛው መዥገር የሚያመጣው ነው። በሽታው በሳይንስ ቋንቋ ስሙ ራሱ «የልብ ውሃ» ነው፤ በልብ ከረጢት ውስጥ ውሃ ስለሚሞላ። በግን፣ ፍየልንና ከብትን ይገድላል። ከውጭ ዝርያ የተዳቀለች ላም ከአገር ላም ይልቅ ትጎዳለች። ለተሻለ ወተት ተብሎ በብድር የመጣች ላም በመዥገር ልትሞት ትችላለች ማለት ነው። መዥገርን መቆጣጠር፣ ትኩሳቱ እንደታየም ኦክሲቴትራሳይክሊን በቶሎ መስጠት ያድናል።

እንግዲህ አራት ልብ፣ አራት አጥር፤ ሽቦ መልቀም፣ አፍተግርን መከተብ፣ ፈረስን መከተብ፣ መዥገርን መቆጣጠር። አንዳቸውም ቀዶ ሕክምና ክፍል አይጠይቁም።

▪️ ይህች አገር ከዚህ በላይ አድርጋለች

«በእኛ አገር አይሆንም» ለሚል ሰው የደስታ በሽታ ታሪክ በቂ መልስ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የገባው ደስታ በአገሪቱ ከነበረው ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አቃተው፤ «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ ተከተለ። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በአፋር ነው። ያቆመው ትልቅ ሆስፒታል አልነበረም። ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው ከአርብቶ አደሩ መሐል የወጡ የሠለጠኑ ሰዎች በእግራቸው ሄደው ከተቡ። በአፋር በረሃ የተቻለ ነገር በጌዴኦ ጥላ ሥር የማይቻልበት ምክንያት የለም።

▪️ ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከተማ አስተዳደሩ። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ አካል የማስረከቢያ ቁጥጥር ሲያደርግ አንድ መስመር ይጨምር፤ «የሽቦና የምስማር ቁርጥራጭ ተለቅሟል።» ካልተለቀመ ርክክብ አይኑር። አንድ የቀን ሠራተኛ ትልቅ ማግኔት በገመድ እየጎተተ ግቢውን ቢዞር ሥራው በሰዓታት ያልቃል። ለሕንፃው ባለቤት የአንድ ቀን አበል ነው። ለጎረቤቱ ደግሞ አንዲት ላም።

ሁለተኛ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችና ዩኒየኖች። ለውጭ ገዢ «ከዘላቂ ግብርና የመጣ ቡና» ብሎ የሚሸጥ ድርጅት አሮጌ የሽቦ መረብ በገበሬው ሣር ውስጥ መተው የለበትም። ዩኒየኖቹ ከዚህም አልፈው ሊረዱ ይችላሉ። ለከብት ተብሎ የሚሠራ፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ የጣት ቅርጽ ያለው ማግኔት አለ። ሐኪም በአፍ አውጦ ከሆድ ካስቀመጠው ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል፤ የተዋጠውን ብረት ወደ ራሱ ስቦ ይይዛል። በብዙ አገሮች ለአሥርት ዓመታት የተሠራበት ነው። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለላሟ ሙሉ ዕድሜ የሚያገለግል መሣሪያ በማኅበር ቢመጣ ማዳበሪያ ከማምጣት አይከብድም። ፌስታልንና መዳብን ግን አይዝም፤ የመልቀምን ሥራ አይተካም።

ሦስተኛ፣ ቄራው። በከተማው ቄራ የሚታረድ በሬ ሁሉ ሆዱና ልቡ በሥጋ መርማሪ ዓይን ሥር ያልፋል። ከዚህ የረከሰ የልብ ላቦራቶሪ የለም። ስንት ሆድ ውስጥ ሽቦ ተገኘ? ከብቱ ከየትኛው ወረዳ መጣ? ይህ በየወሩ ተጽፎ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢመለስ ሽቦው የሚበዛበት ቀበሌ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ቄራዎች በተደጋጋሚ የተደረጉ ጥናቶች በከብት ሆድ ውስጥ ፌስታል፣ ገመድ፣ ጨርቅና ሽቦ አግኝተዋል። ጥናቱ ግን በመመረቂያ ጽሑፍ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ለላሟ ምንም አልፈየደም።

አራተኛ፣ የእንስሳት ሐኪሙ። አንድ ባለሙያ ብዙ ቀበሌ ተሰጥቶት፣ ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ አጥቶ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው መብራት በሄደ ቁጥር እየሞቀ «ለምን አልደረስክም» ቢባል ተገቢ አይደለም። የልብ ስፔሻሊስት ከመመኘት በፊት ያለውን ሰው ማዳመጫ፣ ነዳጅና በዝናብ ወቅት የተቃኘ የክትባት ቀን መቁጠሪያ መስጠት ይቀድማል። የክትባቱም ቀን በሶንጎ ሸንጎ በሽማግሌ አፍ ቢነገር ከቢሮ ማስታወቂያ ይልቅ ይደመጣል።

▪️ በቤት ያለው ድርሻ

ከሁሉ አስቀድሞ ሣሩ የሚታጨድበት ቦታ ይመረጥ። ከመንገድና ከግንባታ ዳር የታጨደ ከሆነ ለላሟ ከመቅረቡ በፊት ይራገፍ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በእንጨት ጫፍ ታስሮ በሣሩ ውስጥ ቢንሸራሸር ሽቦውን ይለቅማል። ይህን ማግኔት ግን ላሟ እንዳትውጠው፤ ጠርዙ ራሱ ይጎዳታል።

ላሟ በድንገት ወተት ከቀነሰች፣ ማመስኳት ካቆመች፣ ጀርባዋን ካጎበጠች፣ የፊት እግሮቿን ከደረቷ አርቃ ከቆመች፣ ቁልቁለት ላይ ካቃሰተች፣ አትጠበቅ። ከሻኛዋ በስተኋላ ያለው ጀርባ ቆንጠጥ ሲደረግ ጤነኛ ላም ወገቧን ዝቅ ታደርጋለች። ሽቦ የሚወጋት ላም ዝቅ ማለት ያማታልና እምቢ ትላለች፣ ወይም ታቃስታለች። ይህን ያየ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ይጥራ። ፍሪምባዋ ካበጠ በኋላ የሚጠራ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው የሚታወቀውን ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ ጉዳይ ግን ቅጠሉ ያለው በላሟ ባለቤት እጅ ብቻ አይደለም። ባለቤቷ ሣሩን ታራግፍ፤ ሽቦውን የጣለው ደግሞ አጎንብሶ ይልቀም። ከሁለቱ እስከ ዛሬ የተጠየቀችው አንዷ ብቻ ናት።